ደህና ነሽ ወይ

«ነህ» የነበረው ለምን «ነሽ» ሆነ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ ዛሬም መልሱን አላውቀውም። ስለ አንዲት ፊደል ነው። እናቴ ከተወለድኩ ጀምሮ የምትጠራኝ በወንድ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ» ትለኛለች፤ «በላህ?» ትለኛለች። ብዙ እናቶች ሴት ልጃቸውን ሲያቆላምጡ እንዲህ ይላሉ፤ የእኔዋ ግን ለማቆላመጥ ብቻ አልነበረም። ስትቆጣኝም በወንድ ነው፣ ሰው ፊትም በወንድ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ጥርሴን ላስነቅል ስሄድ እንኳ «አይዞህ» ብላ ነው የሸኘችኝ። ከእኔ በስምንት ዓመት የምታንሰውን እህቴን ግን «አንቺ» ነበር የምትላት። እህቴ በልጅነቷ በዚህ ታኮርፍ ነበር፤ እኔንም ወንድ አድርጊኝ ብላ አልቅሳ ታውቃለች። እናቴ «አንድ ይበቃኛል» አለቻት።

እንግዲህ አንድ ቀን፣ ከቤቴ እጅግ ርቄ ሳለሁ፣ በእናቴ ስም የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ልጄ ደህና ነሽ ወይ» ይላል። ያችን «ሽ» አይቼ ያደረግሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ማንበብ የተማርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ከአሮጊቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ዘግይቶ የተማረ ሰው በፊደል ላይ ጨካኝ ይሆናል። በልጅነቱ የተማረ ሰው «ሐ» እና «ሀ» ቢቀላቀሉበት ግድ የለውም፤ እኔ ግን ለእያንዳንዷ ፊደል የከፈልኩትን ስለማውቅ አንዷ እንኳ ከቦታዋ ስትነሣ ያመኛል። እህቴ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ መኖር እንደጀመረች የጻፈችልኝን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼ ላክሁላት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ደውላ «እታለም፣ ፈተና መሆኑን መች አወቅሁ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ከእሷ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስርዝ የሌለበት፣ ድልዝ የሌለበት፣ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሆነ። በመማሯ ደስ አለኝ። ያን ጊዜ የገባኝ ያ ብቻ ነበር።

ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው እኔም አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ ካሊፎርኒያ ኦክላንድ፣ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት የሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ሂሳብ እማራለሁ፤ አስተማሪው እሱ ነበር። የእሱም ዋና ሥራ የጀልባ ሞተር መጠገን ነው። አሜሪካዊ ነው፤ እንደ እኔው ዝምተኛ። በሁለት ዓመት ውስጥ የተነጋገርነው ሌላው ሰው በአንድ ምሳ የሚያወራውን ያህል አይሆንም፤ ስንጋባ ግን ሁለታችንም አልተገረምንም። እዚያው አጠገብ አላሜዳ ላይ የምትታሰር ባለሸራ ጀልባ ነበረችው። የምንጋባ ከሆነ በእሷ ዓለምን እንደሚዞር አስቀድሞ ነግሮኛል፤ እኔም መጽሐፍ የሚጫንበት ቦታ እንዳላት ብቻ ጠየቅሁት።

እናቴ ያን ጊዜ አሜሪካ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ሳን ሆዜ፣ እህቴ ዘንድ ነው የምትኖረው። እህቴ የኮምፒውተር ዕቃ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ቆማ ትሠራለች። እናቴ ጀልባዋን ያየቻት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የእንጨት መንገድ አለ፤ ዶክ ይሉታል። እሱ ላይ እግሯን ስታሳርፍ ረገብ ሲልባት ጫማዋን አውልቃ ያዘች። ባለቤቴ ከጀልባዋ ሆኖ እጁን ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም። ከታች እስከ ላይ ምሰሶው ጫፍ ድረስ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «መሬት ጠበበህ?»

ባለቤቴ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ቆንጆ ናት አለች አልኩት። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ አመሰገናት፤ እህቴ በሳቅ ዶኩ ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ግን አልሳቀችም።

የወጣነው በ1992 ነው፤ ዘመኑን እንደ አሜሪካኖቹ ነው የምቆጥረው። ከመሄዳችን በፊት እናቴ እህቴን ቃል አስገብታታለች፤ እህቴ በስልክ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። «ውሃ ላይ ሳለ ክፉ ወሬ እንዳትልኩበት። እኔም ብሞት፣ መሬት ሳይረግጥ እንዳትነግሩት» ብላለች። እህቴ የሳቀችው «መሬት ሳይረግጥ» በሚለው ነው። እኔም ሳቅሁ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክም በደብዳቤም አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው በተቀመጠበት ነው የሚነገረው። የእናቴ ቃል ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እያንዳንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ነበር የማነበው፤ አንድ ጊዜ የተባለውን፣ ሁለተኛውን ያልተባለውን።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። እናቴ ፊደል አትቆጥርም። እሁድ እሁድ እህቴ ተቀምጣ የምትላትን ትጽፋለች፤ እኛ ወደምንደርስበት ወደብ ፖስታ ቤት ትልካለች። ሜክሲኮ ላይ አራት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ታሂቲ ላይ ሦስት። ሁሉም የሚጀምረው «ልጄ ደህና ነህ ወይ፣ ውሃው ደህና ያዘህ ወይ፣ ያ መርከበኛ ደህና ነው ወይ» በሚል ነው። ባለቤቴን «መርከበኛው» እንጂ ሌላ ስም ሰጥታው አታውቅም። ቀጥሎ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤቷ ቬትናማዊት (በምልክት ነው የሚነጋገሩት፤ ግን ይጣላሉ)፣ አውቶቡሱ ስላመለጣት፣ እህቴ ስለምታበዛው ጨው ይመጣል። ደብዳቤውን ሳነበው ድምፅዋ ይሰማኛል።

በ1996 ጥር ኒውዚላንድ ነበርን። የሐሩሩ ባሕር የአውሎ ነፋስ ወቅት እስኪያልፍ ጀልባ ያለው ሁሉ እዚያ ይከርማል። ደብዳቤው የተጻፈው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲደርሰኝ ወር ከግማሽ አልፎታል። ገጽ እንኳ አይሞላም።

«ልጄ ደህና ነሽ ወይ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሕሩ ደህና ያዘሽ ወይ። ባለቤትሽ ደህና ነው ወይ። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።»

ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሂሳብ ሠራሁት። እናቴ «ነሽ» አትልም። መርከበኛውን «ባለቤትሽ» አትልም። ስለ ጉልበቷ ሳታወራ ደብዳቤ አትጨርስም። እንግዲህ የተናገረችው እሷ አይደለችም፤ እህቴ ብቻዋን ነው የጻፈችው። እህቴ በእናቴ ስም ብቻዋን የምትጽፈው ለምንድን ነው? ከቃል ኪዳኑ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም። ሂሳቡ ወጣ። እናቴ ሞታለች፤ እህቴ ቃሏን ጠብቃ ደብቃኛለች፤ ግን በልማዷ «ነሽ» ብላ ጽፋ ተያዘች።

በማግሥቱ ደወልኩ። እህቴን ላስጨንቃት አይደለም፤ እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው። እናቴ ስልክ አትወድም ነበር፤ ጆሮዋ ስለማይሰማ ትጮሃለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜም ቢሆን ያነጋገርኩት እህቴን ነው። እንደምን ናት አልኳት። «ደህና ናት። ተኝታለች» አለችኝ። ድምፅዋ ተጠንቅቋል፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል ነው ያስቀመጠችው። ሳን ሆዜ ላይ ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፤ እናቴ ቀን አትተኛም። ከዚያ እህቴ «ልቀስቅሳት እንዴ?» አለችኝ።

በድፍረቷ ተገረምኩ። እሺ ብላት ምን ልታደርግ ነው ብዬ አዘንኩላትም።

«ተያት፣ ትተኛ» አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ ለእህቴ ጥሩ ነገር ያደረግሁላት መስሎኝ ነበር።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። በዚያው ሳምንት፣ ከሌሎቹ ጀልባዎች ብዙዎቹ ሴቶች ቤተሰባቸውን ሊያዩ በአውሮፕላን ሲሄዱ፣ አንቺም ሂጂ፣ እናትሽን አይተሽ ተመለሺ፣ እኔ ጀልባዋን ቀለም እየቀባሁ እቆይሻለሁ አለኝ። ሦስት ጊዜ አነሣው። አልፈልግም አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ሰው በሐዘን የደነዘዘ ይመስላል፤ እኔ ግን አልደነዘዝኩም። በደንብ አስቤበታለሁ። ብሄድ ይነገረኛል። ከተነገረኝ እቀመጣለሁ። ከተቀመጥኩ የሚመጣው ሁሉ፣ ባይጠይቀኝም እንኳ፣ ስትሞት የት ነበርሽ በሚል ዓይን ያየኛል። ውሃ ላይ ግን ማንም አያየኝም። እስካልተነገረኝ ድረስ እንዳላወቅሁ ነው የሚቆጠረው፤ ሥርዓቱ ራሱ የደበቀኝን እኔ ለምን እገልጠዋለሁ አልኩ። ለመቅበርስ ቢሆን መች እደርስ ነበር?

ብቻዬን አዘንኩ። የደብዳቤውን ቀን የሞቷ ቀን አድርጌ ቆጠርኩ። አርባው አልፎ ነበር፤ ሰማንያውን ደረስኩበት። ያን ቀን ባለቤቴ ዕቃ ሊገዛ ወደ ከተማ ሲወጣ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጬ ዳዊት ከዳር እስከ ዳር ደገምኩላት፤ በስሟ ነፍስ ይማር አልኩ። ፊደል በቆጠርኩ በአሥራ ምናምን ዓመቴ ለእናቴ ያነበብኩላት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ቆየን። ደብዳቤ መምጣቱ አልቀረም፤ ሰኔ ላይ አንድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ሁሉም «ልጄ ደህና ነህ ወይ» ይላሉ። ጉልበቷ ተመልሷል፤ ቬትናማዊቷ ተመልሳለች፤ መርከበኛውም ተመልሷል። እህቴ ስሕተቷ ገብቷት አረመችው አልኩ። ልክ እናቴን መስላ ነው የጻፈችው። እንደ አራሚ አደነቅኋት። እኔም «እማዬ፣ ደህና ነኝ» እያልኩ መልስ ጻፍኩ። ሁለታችን ለሞተ ሰው ተጻጻፍን።

በ1998 ነሐሴ ተመለስን። ከሃዋይ ተነሥተን ሃያ ሦስት ቀን መሬት አላየንም። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የደረቀ ሣርና የመኪና ጭስ። ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሣ የሳን ፍራንሲስኮን ድልድይ አላየነውም፤ ሰማነው። መኪኖቹ ከራሳችን በላይ፣ በነጩ ውስጥ፣ ያጓራሉ። ባሕሩ ወደ ውስጥ የሚሞላበትን ሰዓት ባለቤቴ አስልቶ ነበርና ውሃው ራሱ እየገፋ አስገባን። ድልድዩን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጭጋጉ እንደ መጋረጃ አለቀ፤ ፀሐይ ሆነ። ስድስት ዓመት ሰማያዊ የነበረው ውሃ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወተት እንዳነሰው ሻይ ሆነ። የቤታችን ውሃ ቀለሙ እንዲህ ነው። የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች እንደተውናቸው ቆመዋል። ስንወጣ አላሜዳ ዳር ተደርድረው የነበሩት የጦር መርከቦች ግን የሉም፤ የቆሙበት ውሃ ባዶውን ተኝቷል።

ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ዓይኑን ይጠርጋል። ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አላየሁትም። እኔ ሸራውን እያጠፍኩ የማስበው ስለ ፊቴ ነበር። ሲነገረኝ ፊቴን ምን ላስመስለው?

ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ግቢ፣ ከማሪናው፣ በሕዝብ ስልክ ደወልኩ። እህቴ እልል አለች። እልልታው እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ካልጠየቅሁ ማወቄ ይገባታል ብዬ፣ እማዬስ አልኳት። ደህና ናት፣ ቅዳሜ በጠዋት እንመጣለን፣ የትም እንዳትሄዱ አለችኝ። «እመጣለሁ» ሳይሆን «እንመጣለን»። ስልኩን አስቀምጬ ስመለስ ባለቤቴ ምን አሉ አለኝ፤ ቅዳሜ እንግዳ አለብን አልኩት።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ መጡ። የማሪናው በር በቁጥር ነው የሚከፈተው፤ ያን ማንም አላሰበውም። ጭጋጉ ውስጥ ብረቱ ሲነቀነቅ ሰማሁ። ሰባት ነበሩ፤ አራት ሴቶች፣ እህቴም መካከላቸው ሆና፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሦስት ወንዶች ጥቁር ኮት ለብሰው። የጎረቤት ጀልባው ሽማግሌ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ ሃይማኖት ሊሰብኩን ነው ወይ ብሎ ባለቤቴን ጠየቀው። ባለቤቴም አላወቀም፤ ግን ከፈተላቸው። ዶኩ በሰባት ሰው ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። «ይሄ ነገር ይችለናል?» አሉ፣ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት፣ ኦክላንድ ታክሲ የሚነዱት አዛውንት። ከሴቶቹ አንዷ በሹክሹክታ፣ «መርዶ ልንነግር መጥተን የእኛው እንዳይነገር» አለች። ውሃ ላይ ድምፅ እንደሚሄድ አታውቅም። እንዲህ ሆኖ ነው መርዶዬን የሰማሁት፤ ሳይነገረኝ።

ወደ ውስጥ ግቡ አልኳቸው፤ ፈሩ። እዚያው፣ በቆምንበት፣ አዛውንቱ ኮፍያቸውን አውልቀው ጀመሩ። «ልጄ፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ብዙ አገር አይተሻል» አሉኝ። «ሁሉም መንገደኛ ነው። እናትሽ አርፋለች። ሁለት ዓመት አልፏታል።»

ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው፣ አልኩ በልቤ። የሽማግሌ ግምት።

ከዚያ ጮህኩ። ዝግጁ ስለነበርኩ እንባ አይመጣም ብዬ ነበር የፈራሁት፤ መጣ፤ ግን ለእናቴ አልነበረም። ሰው መርዶ ሲረዳ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ዶክ ላይ የሚወደቅበት የለም፤ ሁለት ክንድ ስፋት ነው። ውሃ ውስጥ እንዳልገባ እህቴ ወገቤን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እታለም፣ እታለም» ትላለች። ስድስት ዓመት ያላየሁትን ፊቷን ቀና ብዬ አየሁት። ግማሽ ሆናለች። «ልጅቱ በዚህ ምስጢር ቀለጠች» አሉ አዛውንቱ፤ «አሁን እንኳ ይቅለላት»።

ሳን ሆዜ፣ እህቴ ቤት ተቀመጥን። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። እህቴ በመጀመሪያው ቀን ሰው ሲቀንስ ጠብቃ አጠገቤ ተንበረከከች፤ ደብዳቤዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በሞተ ሰው ስም ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅር በይኝ አለችኝ። ተነሺ አልኳት። «አውቄ ነበር» ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ፤ አውቃ ነው ያልመጣችው እንደሚሉ ታየኝ።

በሦስተኛው ቀን መቃብሩ ጋ ወሰዱኝ። ድንጋዩ ትንሽ ነው፤ ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በእንግሊዝኛ። እኔ እንደማንም ለቀስተኛ ድንጋዩን አቅፌ ማልቀስ ሲገባኝ፣ ያነበብኩት ቀኑን ነው። ሚያዝያ 1996። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያየሁት። ስሕተት የለበትም። ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያረፈችው አለችኝ እህቴ ከኋላዬ፣ ጉበቷ ነበር፣ የዚህን አገር ክረምት ሙሉ ታማ፣ እንዳልነግርሽ አስምላኝ።

ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሂሳብ ስሠራ እናቴ አለች። ባለቤቴ ሂጂ ሲለኝ አለች። ሰማንያዋን ስደግም፣ ነፍስ ይማር ስላት፣ ሳን ሆዜ ላይ ተኝታ ትተነፍሳለች።

ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ዓመት። ያ ዓመት የእህቴ ዓመት ነው፤ እኔ ብቻ አይደለሁም የከፈልኩት። ለንስሐ አባቷ በሞተ ሰው ስም መጻፏን ተናዘዘች፤ ስግደት አዘዙባት፤ ፋብሪካ ቆማ በምትውልበት ጉልበቷ ሰገደች። ባየችኝ ቁጥር «ከልብሽ ነው ይቅር ያልሽኝ?» ትለኛለች። አዎ እላታለሁ። እውነቱን ብነግራት ያ ሸክም ከእሷ ላይ ወርዶ ወደ እኔ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያን ማወቄ ነው ያቆየኝ። ሰው ለስንት ቀን ሌላውን ለማያስፈልግ ኃጢአት ሊያሰግድ ይችላል? እኔ አንድ ዓመት ችያለሁ። በዚያ ላይ ደግሞ ፍርሃት አለብኝ፤ ያን ደብዳቤ ማን እንደጻፈው ብጠይቅ የምሰማውን እፈራለሁ። እናቴ በጣም ታማ መናገር ስላቃታት እህቴ ራሷ ጽፋው ይሆናል እያልኩ በዚያ ተኛሁበት።

በ1999፣ በአሜሪካኖቹ በጋ፣ ጀልባዋን ልንሸጣት ሆነ። የባለቤቴ ወገብ ምሰሶ መውጣት አልቻለም፤ እኔም ውሃ ማየት አልቻልኩም። አንድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እህቴ ዕቃ ልታግዘኝ አላሜዳ መጣች። ባለቤቴ ከዶኩ ጫፍ ላይ ገመድ ይጠቀልላል። እኛ ውስጥ መጻሕፍቱን ሣጥን ውስጥ እንከታለን። ከመጻሕፍቱ ኋላ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር፤ እህቴ ከፈተችው። ደብዳቤዎቹ ናቸው፤ እርጥበት እንዳይነካቸው በፕላስቲክ ጠቅልያቸዋለሁ።

«አስቀመጥሽው እንዴ?» አለች። ፊቷ ተለወጠ። «እነዚህን የኔዎቹን አቃጥያቸው፣ እታለም። ሳስባቸው ያመኛል። ከልብሽ ይቅር...»

«አውቄ ነበር» አልኳት።

ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሁሉንም ነገርኳት። ፖስታ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ ሂሳቡን፣ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ሂጂ ማለቱን፣ ሰማንያውን፣ ዶኩ ላይ የጮህኩትን ጩኸት። ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ ሰማችኝ። ስጨርስ «የትኛው ደብዳቤ ነው?» አለችኝ። ፈልጌ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ቆየች።

«ይሄን እኔ አይደለሁም ያልኩት» አለች። «ይሄ የእሷ ነው። የመጨረሻዋ ነው።»

አልገባኝም አልኳት።

«ከሐኪም ቤት በወጣች በሳምንቱ። እኔ እንደ ወትሮው ደህና ነህ ወይ ብዬ ጀመርኩ። አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። ‹ነሽ በይው› አለች። ምነው እማዬ አልኳት። ‹ዛሬ በደንብ ጻፊልኝ› አለች። መርከበኛውንም ‹ባለቤትሽ በይ› አለችኝ። ነህ የሚለውን ሰርዤ፣ ከላዩ ነሽ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ተበላሸ።»

«ይሄ ስርዝ የለውም» አልኳት።

«ገልብጬዋለኋ። አንቺ ስርዝ መች ትወጃለሽ?»

በክፋት አልነበረም ያለችው። ሥራዋን የምታስረዳ ሰው እንደሚናገረው ነው። በደንብ ማለቷ ምን ማለቷ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። አላውቅም አለች። ተቆጥታ ነበር ወይ? አይ። ደክማ ነበር? ደክማማ ነበር። ስታለቅስ ነበር? አይ፣ ጣሪያውን እያየች ነው የተናገረችው። ከዚያ በኋላ የጻፍኩትን ግን፣ አለች፣ ነህ የሚለውን ሁሉ እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እሷን እንዲመስል።

የሚያልፍ ጀልባ ማዕበል አስነሣና ጀልባችን ወዘወዘን። እህቴ እንደ ሁልጊዜው ጠረጴዛውን ያዘች። እስኪረጋ ጠብቃ፣ እኔን ሳታየኝ፣ «ስትደውይ እውነትም ተኝታ ነበር» አለችኝ። «መድኃኒቱ ያስተኛታል። ልቀስቅሳት ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

«ስትነቃ ነገርኳት፣ ደወለች ብዬ።»

ምን አለች አልኳት።

«‹ደህና ነው ወይ?› አለች። ደህና ነው አልኳት።»

ደብዳቤውን በታጠፈበት መልሳ አጠፈችው። ፕላስቲኩ ውስጥ ከተተችው፤ ቆርቆሮውን ከድና እጇን ክዳኑ ላይ ለትንሽ ጊዜ አሳረፈች። ከዚያ አንዱን የመጽሐፍ ሣጥን አንሥታ ወጣች። ባለቤቴ ሲቀበላት፣ ከባድ መሆኑን በእንግሊዝኛ ሲነግራት ሰማሁ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ወሰደች፤ ሥራውን ሳትጨርስ አልሄደችም። መኪናዋ ድረስ ሸኘኋት። በሩን ከፍታ ቆመች፣ የምትለው ያላት መስሎኝ ጠበቅሁ፤ መንገዱ እንዳይዘጋባት ዳብሊን በምትባል ከተማ በኩል ዞራ እንደምትሄድ ነገረችኝ።

ያን ቀን ስትለየኝ ይቅር በይኝ አላለችኝም።